ባሻ ተክለጻድቅ ያነበቧት ቃል

ባሻ ተክለጻድቅ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። በሸዋ በር አካባቢ ይህን የማያምን ሰው ቢገኝ ከባሻ ጋር ገና ያልተዋወቀ መንገደኛ ነው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በልብስ ሰፊው በሙሜ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ከራሳቸው በላይ በተሰቀለችው ቆርቆሮ ላይም «በአማርኛና በእንግሊዝኛ» የሚል ተጽፏል። በአማርኛው ማንም አይወዳደራቸውም። የአጥር ክርክር ይዞ የመጣ ሰው ባሻ የጻፉለት ሲነበብለት እስከዚህ መበደሉን ገና ያን ጊዜ እያወቀ እንባውን ጠርጎ የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው። በእንግሊዝኛው ግን የሚወዳደራቸው ቀርቶ የሚፈትናቸውም አልነበረም። የሚመጣላቸው የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም የጅዳ አድራሻ ያለበት ፖስታ ነው።

እንግሊዝኛውን ያገኙት ከጦር ሠራዊት ነው። የመገናኛ ሠራተኛ ነበሩና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመስክ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ኖረዋል። የፈረንጅ አሠልጣኞች ካስተማሯቸው ቃላት ሁሉ ከአፋቸው የማትጠፋው «ኦቨር» ነበረች። ምሳቸውን በልተው ሲነሡ ኦቨር፣ ማመልከቻ ፈርመው ሲያቀብሉ ኦቨር። ሰፈሩም ቃሏን ከእሳቸው ተቀብሎ ስኳር ከኅብረት ሱቅ ሲያልቅ «ስኳር ኦቨር» ይባባል ጀመር። እንግዲህ ኦቨር ማለት አለቀ፣ አበቃ፣ አከተመ ማለት መሆኑን የሸዋ በር ዶሮ እንኳ ያውቅ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ በረንዳው መጡ። ከባሻ በጥቂት ዓመት ይበልጣሉ፤ የሚኖሩት ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ካለው ዳገት ላይ፣ ከባሻ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው። አንድ ልጃቸው አሰፋ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ የወታደር ጭነት መኪና ይዞ እንደወጣ አልተመለሰም። ሰባት ዓመት ሙሉ የሚያውቅ ጠፋ። እድሩ ተዝካሩ ይውጣለት ቢላቸው ሮማነወርቅ እምቢ ብለው፣ «ሬሳ ያየ ሰው ካለ ይምጣ» ብለው መለሱ። በስምንተኛው ዓመት ከውጭ አገር ድርጅት በኩል አሰፋ በምርኮኞች ሰፈር በሕይወት እንዳለ የምትገልጽ አንዲት ካርድ መጣች። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም። በሚያዝያ ሁለቱ መንግሥታት ታርቀዋል፣ ምርኮኛ ሊለዋወጡ ነው ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ጀምሮ ሮማነወርቅ እንቅልፍ የላቸውም። አሁን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ከዚያው ከምርኮኞች ሰፈር የመጣ ደብዳቤ ነበር።

«ያንብቡልኝ ባሻ፤ በእንግሊዝ አፍ ነው።»

ባሻ መነጽራቸውን አደረጉ። ደብዳቤው የታተመ አልነበረም፤ አንድ ገጽ ሙሉ በእጅ፣ ፊደሉ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ አንድ ጎን አዘንብሎ ተጽፏል። ባሻ የሚያውቁት የታተመ ፊደል ነው። ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ዓይናቸው የሚያርፍበት አጣ። እንደ ምንም ብለው «የእርስዎ ልጅ» የሚለውን ለዩ። ዝቅ ብሎ «ቤት» የሚል አለ። መካከል ላይ ደግሞ አንዲት ረዥም ቃል አገኙ። ግማሿ የገዛ ቃላቸው ናት፤ ኦቨር። የተቀረውን ፊደል በፊደል አወጡት፤ ጆይ። ጆይን ከፈረንጆች የልደት ካርድ ላይ ያውቁታል፤ ደስታ ነው። ኦቨርጆይድ። ደስታው አለቀ። ከሷ ቀጥሎ ባለው መስመር ደግሞ፣ እንዳለመታደል ሆኖ፣ ሁለት ቃል ጥርት ብለው ታዩአቸው፦ ወንዶቹ አለቀሱ።

ባሻ ከዚያ በኋላ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ደስታው አልቋል፣ ሰዎቹ አልቅሰዋል፣ ቤት የተባለውም ሁሉም የሚሄድበት የማይቀረው ቤት ነው።

አሁን፣ መርዶ እንዲህ በጠራራ ገበያ፣ በልብስ ሰፊ በረንዳ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ቆማ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደጋፊ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ባሻ ይህን ወግ እንኳን ሊስቱት፣ ለስንቱ ራሳቸው አርድተዋል። ስለዚህ ዋሹ። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ፣ አሰፋ ደህና ነው፣ በጣም ተደስቷል ይላል፣ አሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ምን ያህል እንደተደሰተ ጠየቁ። ባሻ ከልክ በላይ ነው አሏቸው። ሮማነወርቅ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሄዱ። ደብዳቤውን ባሻ በደንብ ልገልብጥልዎት ብለው አስቀሩት።

በዚያው ቀን የእድሩን ዳኛ አቶ ሥራዬን አገኙ። አቶ ሥራዬ ሐዘኑን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያም ወዲያው ወደ ሥርዓቱ ገቡ፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። መርዶው እሑድ ማለዳ እንዲሆን፣ ሴቶቹን የሮማነወርቅ ጎረቤት አበበች እንድታሰናዳ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ቅዳሜ ማታ አበበች ግቢ እንዲያድር ተወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አቶ ሥራዬ በረንዳው ድረስ መጡና ባሻን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ልጁ የሞተው በየትኛው ቀን ነው? ቀኑ ሳይታወቅ አርባው በምን ይቆጠራል፣ ሙት ዓመቱስ? ባሻ ደብዳቤውን አወጡና ፈለጉ። ቀን የሚመስል ነገር ራስጌው ላይ ብቻ አለ፤ እሱ ደብዳቤው የተጻፈበት ነው። አቶ ሥራዬ እስከ ማታ አጣርተው እንዲነግሯቸው አዘው ሄዱ።

ይህን ሁሉ ሙሜ ከስፌት መኪናው ኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። የእህቱ ልጅ ሳፊያ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ አትጠፋም። ባሻ፣ ምን አለበት፣ ብቅ ብለው ቀኑን ብቻ ቢጠይቋት? አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባሻ ይቀየሙ ነበር። እሳቸው ኦቨር ሲሉ ሳፊያ መች ተወለደችና። አሁን ግን ቀኑን ብቻ ነው ብለው ራሳቸውን አሳመኑና ደብዳቤውን በኪሳቸው ከተው ወደ ጀጎል ግንብ ውስጥ ገቡ።

የሳፊያ እናት ቤት በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ባሻ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሰሐንና ሙዳይ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ መደቡ ላይ ትራስ አስደግፈው አስቀመጧቸው። ሳፊያ የክረምት ተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበርና ቀዩን እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ መጣች። ባሻ ቀዩን እስክሪብቶ አልወደዱትም።

ነገሩን በአጭሩ አስረዷት። ልጁ ሞቷል፣ እሱ ተነቧል፣ አልቋል፤ የቸገረው ቀኑ ብቻ ነው። ሳፊያ «ኢና ሊላሂ» ብላ ወረቀቱን ተቀበለች። አነበበች። ግንባሯ ተቋጠረ። ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው። እንደገና ከላይ ጀመረች።

«አባባ፣ እዚህ ላይ የሞተ ሰው የለም» አለች።

ባሻ ልጅቱን ለማስረዳት የመምህር ትዕግሥት እንደሚያስፈልጋቸው ተረዱ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቃሏን አሳዩአት። ኦቨር፣ አበቃ። ጆይ፣ ደስታ። ይኸው የልጁ ደስታ አበቃ፤ ይኸው ሰዎቹ አለቀሱ። ሳፊያ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ባሻ ሊለዩ አልቻሉም፤ ሁለቱንም ነበር። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ አወጣችና እንደ ትልቅ ሰው ተረጋግታ ጠየቀቻቸው።

«በሬዲዮ ኦቨር ሲሉ፣ አባባ፣ መስመሩ ይዘጋል?»

«እንዴት ይዘጋል? የሚዘጋው አውት ሲባል ነው። ኦቨርማ እኔ ጨርሻለሁ፣ የአንተን ቃል እየጠበቅሁ ነው ማለት...»

ባሻ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሃያ ስድስት ዓመት በጆሯቸው የኖረች ቃል አፍጥጣ አየቻቸው። ኦቨር ባሉ ቁጥር ከወዲያ ማዶ ሰው ነበረ፤ በሕይወት ያለ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው። አለቀ የሚለውን ትርጉም የሰጧት እሳቸው ራሳቸው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ እዚያች በረንዳ ላይ ለወግ ማሳመሪያ ነበር።

ሳፊያ ቀጠለች። እዚህ ላይ ደግሞ የሬዲዮዋ ኦቨርም አይደለችም። ከልክ አልፎ፣ ሞልቶ ተርፎ ማለት ናት፤ ወተት ሲገነፍል ድስቱን አልፎ እንደሚወርደው። ደስታው ገነፈለ ነው የሚለው። እንግሊዞች ይህችን ቃል በየደረሱበት አይጥሏትም፣ አለች። ሻይ ተጋብዞ ደስ ያለው ሰው ሌላ ቃል አለው፣ ፈተና ያለፈም ሌላ ቃል አለው። ይህችን የሚያወጡት ሰው የጠበቀውን፣ ጠብቆ ጠብቆም ሊተወው የደረሰውን ነገር ሲያገኝ ነው። በዕድሜ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ትገባለች። ተማሪዎቿ ቃሏን ለማንም ለምንም ሲጽፏት በቀይ የምታጠፋባቸው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደብዳቤውን በአማርኛ አነበበችላቸው። የጻፈችው ምርኮኞቹ የሚታከሙበትን ክፍል የምትጎበኝ ነርስ ናት። ወደ አገራቸው የሚመለሱትን ሰዎች ስም ጮክ ብላ ስታነብ አሰፋ ተጠራ። ስሙን ሲሰማ ኦቨርጆይድ ሆነ። በክፍሉ የነበሩት ሁሉ አለቀሱ፤ እነሱም ተጠርተዋልና። ራሱ እንዳይጽፍ ቀኝ እጁን የፈላ ውኃ አቃጥሎታል፤ እየዳነ ነው። ወደ ቤት እመጣለሁ በይልኝ ብሏል፤ የመኝታዬን መስኮት እማማ ትክፈተው፣ የታፈነ ክፍል ከእንግዲህ አልችልም ብሏል።

ባሻ ትራሱ ላይ ወደ ኋላ ዘንበል አሉ። ደስ አላቸው፤ ከልባቸው፣ ከጉልበታቸው ደስ አላቸው። ከትናንት ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሄደ። ሳፊያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ባሻም ሳያስቡት አብረዋት አሉ። ቃሏን በአማርኛ ምን ብለው እንደሚገለብጧት ጥቂት ተከራከሩ። ሳፊያ ፈነደቀ ይሁን ስትል ባሻ ፈነደቀ ለልጅ ነው፣ አሰፋ አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው ብለው እምቢ አሉ። ሐሴት የመጽሐፍ ሆነ። በመጨረሻ ባሻ የደብዳቤውን ትርጉም በሳፊያ ቀይ እስክሪብቶ በወረቀት አስፍረው ቃሏን «ደስታ አላስችል አለው» ብለው ጻፏት። ያን ጊዜ ነው ለነገው መርዶ የሚያድረው አግዳሚ ወንበር ትዝ ያላቸው።

እንዴት ከጀጎል እንደወጡ አያውቁትም። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። የግራ ጫማቸውን ማሰሪያ ሳያስሩ፣ ደብዳቤውን ከሸሚዛቸው ሥር ይዘው፣ ሸዋ በርን አቋርጠው ዳገቱን ወጡ። አቶ ሥራዬ ጋ መሄድ ሥርዓት ነበር፤ ሥርዓቱን ትተው ቀጥታ ወደ ሮማነወርቅ ቤት አመሩ።

በሩ ክፍት ነው። ባሻ ገብተው ደፉ ላይ ቆሙ። አልጋው ወደ ጓዳ ተገፍቷል። መሬቱ ላይ ፍራሽና ሰሌን ተነጥፏል፣ ዕቃው ሁሉ ተነሥቶ ክፍሉ ለብዙ ሰው መቀመጫ ተጠርጓል። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከል ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቡ ባሻ» አሉ። «ቀጠሮው ለነገ ማለዳ አልነበረም?»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በዝግታ፣ ሌላ ሰው ላይ ስለደረሰ ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ነገሯቸው። ዓርብ ዕለት ተደስቷል ሲሏቸው የባሻ ዓይን ከወረቀቱ አልተነሣም። ደብዳቤውንም አልመለሱላቸውም። አበበች ደግሞ ትናንት ያለወትሮዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ቀና ብላ ሳታያቸው ሄደች፤ እድሩ ደግሞ መርዶ የሚያረዳው እሑድ ማለዳ መሆኑን ያውቃሉ። ሰዉ እንዳይጨነቅ ብለው ዝም አሉ እንጂ የገባቸውስ ከበረንዳው ሳይወርዱ ነው። ሁለት ቀን ብቻቸውን አለቀሱ፣ ቤቱን ብቻቸውን አነሡ።

ባሻ እየተንተባተቡ፣ አሰፋ አልሞተም፣ ስሙ ከሚመለሱት ጋር ተጠርቷል፣ በጣም ተደስቷል ይላል፣ አሉ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓርብም ያሏቸው ይህንኑ ነው። አዛኝ ጎረቤት እንዲህ ይላል፤ ቁጣ የላቸውም፤ ግን አይድከሙ። ባሻ በቀይ የጻፉትን ወረቀት አውጥተው አነበቡላቸው፤ ነርሷን፣ የተቃጠለውን እጅ፣ መስኮቱን። ባሻ መስኮቱ ላይ ሲደርሱ ሮማነወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ እንጂ አላመኑም።

«እርስዎ ባሻ፣ ስንቱን ዳኛ በብዕርዎ ያስለቀሱ ሰው ነዎት። ለእኔስ መጻፍ ያቅትዎታል?»

እውነታቸውን ነበር። ባሻ ለሃያ ዓመት ያሳመሩት ቃል ሁሉ ዞሮ ያንን ክፍል ሞላው። ቢምሉ ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው ይባላል። ሳፊያን ቢያመጡ ያስተማሯትን ተናገረች ይባላል። አሁን እኒህ ሴት ልጃቸው በሕይወት እያለ ነገ በሰው ፊት ፊታቸውን ይነጫሉ፤ ምክንያቱ ባሻ ተክለጻድቅ ናቸው። ከቶ የማያጠራጥር፣ ማንም ሊያጽናና ብሎ የማይዋሸው አንድ እውነት ብቻ ነበራቸው። እሱን ለማውጣት ቁጭ ማለት ነበረባቸውና ሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉ።

«እትዬ ሮማን፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

ባሻ አንዴ ከጀመሩ በኋላ አልቆሙም። የሚያውቁት አርባ ያህል የሬዲዮ ቃል ነው፤ የቀረውን ሲገምቱ ኖረዋል። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። ከደብዳቤው ሁለት ሦስት ቃል ለቅመው፣ አንዷንም አጣመው፣ ልጃቸውን በበረንዳ ላይ ገደሉት። ደህና ነው ያሏቸው ሊዋሿቸው ብለው ነበር፤ ውሸቱ እውነት ሆኖ ተገኘ። ትክክለኛውን ያነበበችው ሳፊያ ናት፤ እሷ ጋም የሄዱት የሞተበትን ቀን ሊጠይቁ ነው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያለው የዝናብ ውኃ ይሁን ሌላ፣ አልጠረጉትም።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ብዙ አዩአቸው። እኒህን ሰው ሠላሳ ዓመት ያውቋቸዋል። በቀበሌ ስብሰባ መካከል አንዲት ፊደል ተሳሳቱ ተብለው ለሦስት ወር ከሊቀ መንበሩ ጋር የተኳረፉ ሰው ናቸው። ለአዘኔታ ብለው ብዙ ነገር ሊሉ ይችላሉ፤ ይህን ግን አይሉም።

«አላውቅም ነው ያሉት?»

«አላውቅም።»

«ይማሉ?»

«አይማልበትም እትዬ። ያሳፍራል።»

ያን ጊዜ ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ደረት የሆነ ድምፅ ወጣ። በግድግዳው ተደግፈው ተነሡ። ባሻ ሊይዟቸው ቢነሡ በእጃቸው ገፉአቸውና ወደ ግቢ ወጡ፤ ከላቸውን እንደለበሱ፣ በባዶ እግራቸው፣ ዝናቡ መካከል ቆመው እልል አሉ። ድምፃቸው በመጀመሪያ ተሰበረ። ሁለተኛው ጠራ። ሦስተኛው ከዳገቱ ወርዶ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

መጀመሪያ የደረሰችው አበበች ነበረች። መርዶው ሾልኮ ተሰምቶ ሴትዮዋ አእምሯቸውን የሳቱ መስሏት ወገቧን አስራ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ አቶ ሥራዬ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ግማሹ ሰፈር። ባሻ ተክለጻድቅ የግቢውን በር ያዙና ለገባው ሰው ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው፣ እንግሊዝኛ እንደማያውቁ፣ አሰፋም ሊመጣ እንደሆነ ይናገሩ ጀመር። ለአበበች ሲነግሯት ድምፃቸው አልወጣም። ለአቶ ሥራዬ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረባቸው። ስምንተኛው ሰው ጋ ሲደርሱ ግን እየሳቁ ነበር፤ ለሚቀጥለውም ተራውን እንዲጠብቅ በእጃቸው ያሳዩት ነበር።